«እሺ» ያልንበት መስመር

«ታዲያ ያኔ ምን ልበለው? ‹አንተ አታውቅም› ልበለው?»

«አዎ። በጨዋ ቋንቋ፣ ግን አዎ።»

«ለማላውቀው ሰው? ቁጭ ብሎ በነፃ ሥራዬን ላየልኝ ገምጋሚ?» እህቴ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አንስታ ወደ እኔ አዞረችው። «እንዲህ አድርገው ነው ያሳደጉን?»

«እቴ፣ ሰውየው የጠየቀሽ እንድትመልሺለት ነው እንጂ እጅ እንድትነሺው አይደለም።»

«አፍህን ሰብስብ፤ ካውያ ይዣለሁ።»

ሸሚዙ ነጭ ነው። ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፋ ቆማ ነው የምትተኩሰው፤ አንዴ ከተቀመጠች ወገቧ በቀላሉ አያስነሳትም። ከምሳ በኋላ፣ ቱ ኦክሎክ ላይ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ኢንተርቪው አላት። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሬዙሜዋ ላይ ከነሊንኩ የጻፈችው ሥራ ነው፤ እስካሁን «ይኼን እኔ ሠራሁ» ብላ ለሰው የምታሳየው ብቸኛው ነገር። ዛሬ ጠዋት ሌላ የማናውቀው ሰው ከሥሩ ገብቶ ስህተት መሆኑን ጽፏል። በጣም ተናዷል። ቀጣሪዎቹ ሊንኩን ቢከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት የእሱን ንዴት ነው።

ሥራው ምን እንደሆነ ማስረዳት አይከብደኝም። ለምን እንደምሠራው ማስረዳት ነው የሚከብደኝ። ማንኛውም የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አብሮት የሚመጣ ዕቃ ቤት አለው፤ መደበኛ ላይብረሪ ይሉታል። ፋይል የሚከፍት፣ ቀን የሚያሰላ፣ መልእክት የሚልክ ፋንክሽን ሁሉ እዚያ ተደርድሯል። ይኼ ቋንቋ ድሮ ሲሠራ ግን እያንዳንዱ ፋንክሽን ምን ዓይነት ነገር ተቀብሎ ምን ዓይነት ነገር እንደሚመልስ አልተጻፈበትም ነበር። ያንን ነው እኛ በሌላ ፋይል ለብቻው የምንጽፈው፤ ታይፕ ዴፊኒሽን ይባላል። ይኼኛው ጽሑፍ ይቀበላል፣ ቁጥር ይመልሳል። ያኛው ሁለት ቁጥር ይቀበላል፣ ምንም አይመልስም። ቼከር የሚባል ሌላ ፕሮግራም የእኛን ፋይል እያነበበ፣ ኮድ የሚጽፈውን ሰው ገና ሳያስኬደው «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ይለዋል። «እኛ» ስል በየአገሩ የተበተንን ፈቃደኞች ማለቴ ነው። አንተዋወቅም። የሚከፍለንም የለም።

ፋይሎቹ ውስጥ ሥራው ራሱ የለም። የፋንክሽኑ ስም፣ የሚቀበለው፣ የሚመልሰው፣ ከዚያ በሥራው ቦታ ሦስት ነጥብ። መጀመሪያ ሳያቸው ደስ ብሎኝ ነበር። ግጥም ለሚሞክር ሰው ሦስት ነጥብ የሆነ ነገር የተደበቀበት ይመስለዋል። እዚህ ግን ምንም አልተደበቀበትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሦስት ነጥብ ስጽፍ ኖሬያለሁ፣ በቃ።

ግጥምም ኮድም ያስተማረኝ የለም። ሁለቱንም የተማርኩት ቫን ውስጥ ነው። የኩላሊት ሕሙማንን ከየቤታቸው እየወሰድኩ ዲያሊሲስ አደርሳለሁ፤ እስኪጨርሱ አራት ሰዓት ያህል ፓርኪንግ ላይ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን እዚያው ፓርኪንግ ላይ የጻፍኩት ኮድ ልክ ሆኖ ሳለ ቼከሩ ተሳስተሃል ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ራሴን ስረግም ዋልኩ። ለካ የተሳሳተው ዴፊኒሽኑ ነው። አስተካክዬ ላክሁት፤ አንዲት ቃል ነበረች። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው «ጥሩ ዓይን አለህ» ብሎ ተቀበለው። በዚህ አገር «ከየት ነህ?» ሳልባል የተቀበሉኝ የመጀመሪያው ነገር ያ ነው። ከዚያ ወዲያ መተው አቃተኝ።

እህቴን ወደዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሮዝቪል አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አዛውንቶችን ከአልጋ ስታነሳ፣ ስታጥብ፣ ስታገላብጥ ወገቧ አለቀ። ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሺ አላት፤ መሥሪያ ቤቱም ለጊዜው ላይት ዲዩቲ ሰጣት፣ ጥሪ መቀበልና ወረቀት መደርደር። እሱም በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ከዚያ ወይ ወደ ማንሳቱ ትመለሳለች፣ ወይ ትወጣለች። የአፓርታማችንን በር እንኳን መሳብ አትችልም። እኛ በምንኖርበት ኒው ሆፕ እንዲህ ያለ ብርድ ሲሆን በሩ ከመቃኑ ጋር አይስማማም፤ በጉልበት ካልተሳበ አይገጥምም። ስለዚህ ስትወጣ ከኮሪደሩ «ግፋው!» ትላለች፣ እኔ ተነስቼ ከውስጥ እገፋዋለሁ። ፕሮግራሚንግ በኮርስ ስትማር ከረመች፣ ሬዙሜ በተነች። ለኢንተርቪው የጠራት የዛሬው ብቻ ነው።

ታይፕ ምን እንደሆነ ያስረዳት እኔ ሳልሆን ቻርቷ ነው፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የአዛውንቶቹን ውሎ የምትመዘግብበት። ብዙ ለፈለፍኩ፣ ምሳሌ ደረደርኩ። አቋረጠችኝና «እኛ ቁርስ ላይ እንደምንሞላው ነዋ» አለች።

«እንዴት?»

«አዛውንቱ ግማሹን በላ፣ ትጽፋለህ። እምቢ አለ፣ ትጽፋለህ። ክፍሉ ውስጥ አልነበረም፣ እሱንም ትጽፋለህ። ትሪው ስለገባ ብቻ በላ አይባልም።»

ከዚያ በኋላ የማስተምራት ነገር አልነበረኝም። እንዲያውም ትበልጠኝ ጀመር። እኔ ሰነዱን አነባለሁ፣ ሰነዱ ጽሑፍ ይመልሳል ካለ ጽሑፍ ብዬ እጽፋለሁ። እሷ ሰነድ አታምንም። ኮዱን ራሱን ከፍታ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች፣ እስከ መጨረሻው መስመር ትወርዳለች። «ያየሽውን ጻፊ እንጂ የነገሩሽን አትጻፊ» ተብላ ነው የሠለጠነችው። እንደዚያ እየወረደች ነው አንዲት ፋንክሽን ያገኘችው። ከአንድ ፋይል ውስጥ አንድ ቅንብር ፈልጋ የምትመልስ ናት። ሰነዱ «ጽሑፍ ትመልሳለች» ይላል። ኮዱ ግን ከታች፣ ማንም የማይደርስበት ቦታ፣ ፋይሉ ከሌለ ምንም ሳይመልስ ይወጣል። እህቴ «ጽሑፍ፣ ወይም ምንም» ብላ ጻፈች። ልክ ነበረች። ስታሳየኝ የታክሲ ረዳት እንደሚያፏጨው አፏጨሁላት።

ላከችው። በሁለተኛው ቀን አንድ ገምጋሚ ከሥሩ ጠየቀ። «ሰነዱ ጽሑፍ ነው የሚለው። እርግጠኛ ነሽ ምንም ላትመልስ ትችላለች?»

እህቴ እንዲህ ብላ መለሰች፦ «ልክ ነዎት። ይቅርታ እጠይቃለሁ። አስተካክዬዋለሁ። ስለ ጊዜዎ በጣም አመሰግናለሁ።»

እና «ወይም ምንም» የሚለውን አወጣችው። በማግሥቱ ተቀበሉት። እኔ መርጅ መደረጉን፣ ከዋናው ሥራ ጋር መቀላቀሉን፣ ብቻ አይቼ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት፤ ምን እንደተባባሉ አላነበብኩም። ኬክ ገዝቼ መጣሁ።

ዛሬ ጠዋት የጻፈው ሰው ታሪክ አጭር ነው። በራሱ ኮድ ውስጥ «ምንም ካልተመለሰ እንዲህ አድርግ» የምትል መከላከያ መስመር ነበረችው። አዲሱ ዴፊኒሽን ሲወጣ ቼከሩ «ይህች መስመር አታስፈልግም፣ ምንም ተብሎ አይመለስም» አለው። አምኖ አጠፋት። ከዚያ ፕሮግራሙ ደንበኛው ፊት ወደቀ። «ይህን የጻፈው ሰው ኮዱን ከፍቶ እንኳን አላየውም» ብሎ ነው የጨረሰው።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ይቺ ናት። ከእኛ ሁሉ ኮዱን ከፍታ ያየችው እሷ ብቻ ነበረች።

በዚህ ሥራ ጥያቄ ጥያቄ ነው። ገምጋሚው «እርግጠኛ ነሽ?» ሲል ስለማያውቅ ነው። «አዎ፣ እዚህ መስመር ላይ ተመልከት» ትለዋለህ፣ «ጎበዝ» ብሎ ያልፋል። በእኛ ቤት ግን አባታችን «እርግጠኛ ነህ?» ካለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ለአባቴ «አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ» ብሎ የመለሰ ልጅ አላየሁም። እኔም፣ እሷም፣ የጎረቤት ልጆችም፣ አንገታችንን ደፍተን «አይ፣ ይቅርታ» ነበር የምንለው። ልክ ስንሆን ጭምር።

«ማጥፋት አይቻልም?» አለች፣ ካውያውን መልሳ እያስኬደች።

«አይቻልም። የተጻፈ ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው።»

«ሊንኩንስ ከሬዙሜው ላይ?»

«ከላክሽው ሁለት ሳምንት ሆነው እኮ።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ስሚኝ። አሁኑኑ ማስተካከያውን በእኔ ስም ልላክ። ለሰውየውም ልመልስለት፤ በሥራ ጥድፊያ ነው ልበለው። እነሱ ሳይከፍቱት ሁለት ሰዓት ውስጥ ይዘጋል። አንቺ ምንም አትጻፊ።»

«እኔ ምንም አልጻፍ።»

«አዎ። ዝም በይ።»

«እሺ ስል ጥፋት፣ ዝም ስል ልክ።» የአንገቱን ጫፍ በካውያው አፍንጫ ተጫነችው። «ለመሆኑ ግጥም ላይም እንዲህ ነው የምታደርገው? የጠየቀህን ሁሉ ትሰድባለህ?»

«ግጥሜን የጠየቀኝ የለም።»

«ስለማትነበብ ነው።»

መሳቅ ነበረብኝ፤ አልሳቅኩም። ሰዓቱን ሳይ፣ ውጭ ያለውን በረዶ ሳይ፣ መኪናዋን ገና አለመጥረጓን ሳስብ ንዴቴ በአፌ ወጣ። «አየሽ፣ ሥራውን በትክክል ሠርተሽ በአፍሽ አበላሸሽው። አንድ ቃል እኔን ብትጠይቂኝ ኖሮ...»

ካውያውን አቆመችው። ሶኬቱን ነቀለች።

«ጠይቄሃለሁ» አለች።

«መቼ?»

«ሰውየው የጠየቀኝ ቀን፣ ከሽፍት ስገባ። ዩኒፎርሜን እንኳን አላወለቅኩም። ሶፋው ላይ ተጋድመህ ደብተርህን ይዘህ ነበር። ‹ሰውየው እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎኛል፣ ምን ልበለው?› አልኩህ።» ድምፅዋን አላነሳችም። «ቀና ሳትል ‹እሺ በይው› አልከኝ። ‹የመጀመሪያ ሥራ ላይ ክርክር አያስፈልግም፣ እነሱ ያውቃሉ፣ እሺ በይውና ይግባልሽ› አልከኝ። ‹ግን እኮ አይቼዋለሁ› አልኩህ። ‹እሺ በይው› አልከኝ።»

ትዝ አለኝ። ተናግራ ስትጨርስ ሳይሆን፣ ገና «ሶፋው» ስትል። ያን ቀን አንድ ቃል እየፈለግሁ ነበር። ቀን ቀልጦ፣ ማታ መልሶ ለሚረጋ፣ እንደ መስታወት ሆኖ ሰው ለሚጥል በረዶ የሚሆን ቃል። ፊቴ ላይ ሰው መቆሙን አውቃለሁ፣ ልብሷ የሳኒታይዘር ሽታ ነበረው፣ የጠየቀችኝን ግን የሰማሁት እንደ ጎረቤት ቲቪ ነው። ቃሉን አላገኘሁትም። ግጥሙም የለም።

ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ ማለፍ ይቻለኝ ነበር። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር ይባላል። ግን ያልኳት ነገር ከአፌ ያመለጠ አልነበረም፤ አምኜበት ነው ያልኩት። አምና ሰመር ላይ በአንዲት ቃል ከሁለት ገምጋሚዎች ጋር ሁለት ወር ተከራክሬያለሁ። ልክ ነበርኩ፣ ማስረጃ ነበረኝ፣ ቫን ውስጥ ሆኜ በስልኬ ረጃጅም መልስ ስጽፍ ዲያሊሲስ የጨረሰ ሰውዬ መስታወት ያንኳኳብኛል። በመጨረሻ የእኔን ቃል ተቀበሉት። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው እንቅልፍ ነው። ከዚያ በኋላ የምለው እሺ ብቻ ሆነ።

ላፕቶፑ ፊቴ ስለነበረ እኔ ራሴ ለገምጋሚዎች የመለስኩትን ከፈትኩ። ከሰመር ወዲህ ያለውን ከላይ ወደ ታች ወረድኩት። «ተስተካክሏል፣ አመሰግናለሁ።» «ተስተካክሏል።» «ልክ ነህ።» «ተስተካክሏል።» ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ላይ እኔ ልክ እንደነበርኩ አሁን ማወቅ አልችልም። ጽፌ ያስቀረሁት የለም።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ለሰውየው እኔ ነኝ ብዬ ልጽፍ እችላለሁ። መካሪዋ እኔ ነበርኩ ብዬ።»

«አንተ ምን አገባህ?» ሸሚዙን ከፎጣው ላይ አነሳች። «ያየሁት እኔ። ያወጣሁት እኔ። ዞር በል።»

«ትቀመጪያለሽ? ወገብሽ...»

«ዞር በል አልኩህ እኮ።»

ተነሳሁላት። ሸሚዙን ለብሳ፣ አንድ እጇን ጠረጴዛው ላይ ደግፋ፣ ቀስ ብላ ወንበሬ ላይ ወረደች። መጀመሪያ ፋንክሽኗን ከፈተች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ እስከ ታች ወረደች፣ መስመሯ እዚያው አለች፤ ቁጥሩን በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ጻፈችው፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የደም ግፊት እንደሚጽፉት። «ወይም ምንም» የሚለውን ቦታው መለሰች። ከዚያ ለተናደደው ሰው መጻፍ ጀመረች። በእንግሊዝኛ ነው፣ አጭር ነው፣ ከትከሻዋ በላይ አነበብኩት። መጀመሪያ የላኩት ልክ ነበር። ኮዱን አንብቤዋለሁ፣ መስመሩ ይኼ ነው። ስጠየቅ የተስማማሁት ጠያቂውን ላለማሳፈር ነው እንጂ ተሳስቼ አልነበረም፤ ጥፋቴ መስማማቴ ነው። ፕሮግራምህ ስለወደቀ አዝናለሁ። ማስተካከያው ይኸው።

«ይኼን አትጻፊ» አልኳት። «‹ላለማሳፈር› የሚለውን አውጪው። ቀጣሪዎቹ ያነቡታል። ደካማ ናት ይላሉ።»

«ያንብቡት።»

«እቴ፣ በእናትሽ። ይኼ ኢንተርቪው ቢያመልጥሽ የወሩ መጨረሻ...»

«የወሩ መጨረሻ መቼ እንደሆነ ከአንተ በላይ አውቃለሁ።» ፊቷን አላዞረችም። «ቻርት ላይ ስትሳሳት ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አይጠፋም። ነጭ ቀለም መቀባት ያስባርራል። አንድ ቀጭን መስመር ታሰምርበታለህ፣ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ። ከጎኑ ትክክለኛውን፣ ስምህን፣ ሰዓቱን። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። አንድም ቀን ደካማ ነሽ ያለኝ የለም።» ቁልፉን ተጫነች። «ሄደ።»

የሚመጣ መልስ ካለ ብዬ ስክሪኑን አየሁ። አልነበረም። ለብዙ ሰዓት ላይኖር ይችላል፤ ገምጋሚው የትኛው አገር እንደሚኖር እንኳን አናውቅም። ተኝቶ ይሆናል።

እህቴ በሁለት እጇ ጠረጴዛውን ገፍታ ተነሳች። ፊቷ ሲጨማደድ አየሁ፣ እንዳላየሁ ሆንኩ። ካፖርቷን ለበሰች፣ ቁልፏን ፈለገች፣ ቁልፉ የእኔ ደብተር ሥር ነበር። ደብተሩን አንስታ፣ ሳትከፍተው፣ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው።

«ድራይቭ ላድርግልሽ?»

«ስሪ ኦክሎክ ላይ ሕመምተኛ የምታነሳ መሰለኝ።»

እውነቷን ነው። «መኪናውን ልጥረግልሽ?»

«አሞቀዋለሁ፣ ራሱ ይለቃል።»

«ሰውየው ከመለሰ ልደውል?»

«አትደውል። መንገድ ላይ ነኝ።» መዳፏ ላይ ያለውን ቁጥር አይታ ጓንቷን አጠለቀችበት።

«ማን አስተማረሽ ካሉሽስ?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅኋት አላውቅም። ምናልባት እንደ ድሮው «ያ እብድ ገጣሚ» እንድትል ፈልጌ ይሆናል።

በሩን ከፍታ ቆመች። የኮሪደሩ ብርድ ገባ፣ የፎጣው ጫፍ ተንቀሳቀሰ። 

«‹ወንድሜ አስተማረኝ፣ ከዚያ ደከመው› እላለሁ» አለች። «ያየሁትን ነው የምናገረው።»

ወጣች። እንደ ሁልጊዜው «ግፋው!» እስክትለኝ ጠበቅሁ። አላለችም። ልገፋላት ተነሳሁ፣ በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል ሳለሁ ከውጭ በኩል እጀታው ሲጨበጥ ሰማሁ፣ አንድ አጭር ትንፋሽ ሰማሁ፣ እና በሩ ተስቦ ገጠመ።